ከፍተኛውን ቮልቴጅ አውጥቶ ብረቱን ማስቀረት

የአሮጌ ማይክሮዌቭ ትራንስፎርመርን ለሌላ ሥራ ስለማዋል ለቴክኒክ ተማሪዎችና ለኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፤

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ከተበላሸ የማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥ ስለሚወጣው፣ አምስት ኪሎ ገደማ ስለሚመዝነው ትራንስፎርመር። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጡ ሌሎች አሮጌ ትራንስፎርመሮችም አሉ፤ የኒዮን ማስታወቂያዎችን ያበሩ የነበሩት፣ በድሮ ባለቱቦ ቴሌቪዥኖች ውስጥ የሚገኙት ፍላይባኮች፣ እንዲሁም የመኪና ካንዴላ እሳት እንዲረጭ የሚያደርጉት ኮይሎች። እነዚህን ለማነጻጸሪያ ያህል አነሣቸዋለሁ እንጂ ዋና ጉዳዬ አይደሉም። የማይክሮዌቩን የመረጥሁት በምናለሽ ተራም ሆነ በሰፈር ቆራሌው ጆንያ ውስጥ በቀላሉ ስለሚገኝ ነው። በየቪዲዮው እየታየ ብዙ ወጣቶች እጃቸውን የሚያስገቡበትም እርሱ ነው፤ በትርፍ ጊዜ ከሚነካኩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መካከል ደግሞ የእርሱን ያህል ለሞት የቀረበ ጥቂት ነው።

ላስረዳ የተነሣሁት ሐሳብ አጭር ነው። እንዲህ ያለውን ትራንስፎርመር በሚገባ መልሶ መጠቀም የሚጀምረው ከፍተኛ ቮልቴጁን ከውስጡ በማስወገድ ነው። የዕቃው ሀብት ያለው በብረቱና በመግቢያው ጥቅል፣ ማለትም ቴክኒሻኖች ፕራይመሪ በሚሉት ላይ ነው፤ ሁለት ሺህ ያህል ዙር ያለው ቀጭኑ የሰከንደሪ፣ ማለትም የመውጫው ጥቅል፣ ሽቦ ግን ቤቱ ለሚሠራ ሰው ከጥቅሙ ይልቅ ጠንቁ ያመዝናል። ይህን አቋም ፍርሃት የሚሉት አሉ። እኔ ግን የስሌት ውጤት ነው እላለሁ፤ ስሌቱንም አብረን እናየዋለን።

የማይክሮዌቭ ምድጃ ትውልዱ ከራዳር ነው። በአሜሪካው ሬይቲየን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር ለራዳር የሚያገለግለው ማግኔትሮን፣ ማለትም ማይክሮዌቭ ሞገድ የሚያመነጨው ቱቦ፣ ምግብ እንደሚያሞቅ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1945 ሲሆን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የቤት ውስጥ ምድጃ በአገሩ ገበያ የተስፋፋው ግን ከ1967 በኋላ ነው። ማግኔትሮኑ ለመሥራት 4,000 ቮልት ገደማ የዲሲ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ከግድግዳው የሚያገኘውን 220 ቮልት ወደ 2,000 ቮልት ገደማ ያሳድገዋል፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም አንድ ካፓሲተርና ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ዳዮድ ተጋግዘው ያንኑ ወደሚፈለገው መጠን ያደርሱታል። ከነዚህ ሁለት ጥቅሎች ሌላ ጥቂት ዙር ብቻ ያለው ሦስተኛ ጥቅል አለ፤ እርሱ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ እየሰጠ የማግኔትሮኑን ፊላመንት ያግላል። አዳዲሶቹ ኢንቨርተር የሚባሉት ምድጃዎች ግን ይህ ከባድ ብረት የላቸውም፤ በምትኩ ቦርድ ላይ የተተከለ ትንሽ ትራንስፎርመር ስላላቸው ለዛሬው ጉዳያችን አይሆኑም። ልዩነቱን ምድጃውን ገና ስታነሡት ክብደቱ ይነግራችኋል።

አምራቾቹ ይህን ትራንስፎርመር የሠሩት በተቻለ መጠን ርካሽ እንዲሆን አድርገው ነው። ብረቱና ሽቦው እንዲያንስ ሲሉ ብረቱን እስከ መግነጢሳዊ ጥጋቡ፣ ማለትም ተጨማሪ መግነጢስ መሸከም እስከሚያቅተው ጫፍ ድረስ ያሠሩታል፤ ስለዚህም ምንም ጭነት ሳይኖረው ባዶውን ቢሰካ እንኳ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። በምድጃው ውስጥ ማራገቢያ ስለሚነፍስበትና በአንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚሠራ ችግሩ ጎልቶ አይታይም። በፕራይመሪውና በሰከንደሪው መካከል ደግሞ ሸንት የሚባሉ፣ ከቀጫጭን ላሜራ የተደረቡ ሁለት ትናንሽ የብረት ቁራጮች ተሸጉጠዋል። ሥራቸው የመግነጢሱን ፍሰት ከፊሉን ወደ ጎን በማሳለፍ ሰከንደሪው የሚሰጠውን ከረንት መገደብ ነው። በተለይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ግን የሰከንደሪው አንድ ጫፍ በቀጥታ ከብረቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው። ብረቱ ራሱ የ2,000 ቮልቱ አንዱ እግር ነው ማለት ነው፤ የምድጃው ቆርቆሮ ከመሬት መስመር ጋር በደንብ ካልተያያዘ የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ። ብዙ ሰው አደጋን የሚለካው በቮልት ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን 25,000 ቮልት ገደማ የሚሰጠው የቴሌቪዥን ፍላይባክ እጅግ አስፈሪው፣ 15,000 ቮልት የሚሰጠው የኒዮን ትራንስፎርመር ሁለተኛው፣ 2,000 ቮልት ብቻ ያለው የማይክሮዌቩ ደግሞ ለዘብተኛው ይሆናል። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፍላይባኩ ያለማቋረጥ መስጠት የሚችለው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ አምፔር ገደማ ነው፤ ሆኖም የቴሌቪዥኑ ቱቦ ራሱ እንደ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ቀላል ነው ብዬ አልተውም። የተለመደው የኒዮን ትራንስፎርመር ደግሞ 30 ወይም 60 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። የማይክሮዌቩ ሰከንደሪ ግን ግማሽ አምፔርን ያለ አንዳች ችግር ይለቃል፤ ጫፎቹ ሲገናኙም ከዚያ በላይ ይሄዳል። በቤታችን ያለው የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ 10 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የእጅ ጡንቻ ተጨብጦ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ 30 ሚሊ አምፔር አካባቢ መተንፈስ ያስቸግራል፤ ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ልብ ምቱን ስቶ ይርገበገባል። ከእጅ ወደ እጅ የሰውነትን ተቃውሞ 1,000 ኦም ብንለው፣ 2,000 ቮልት በወረቀት ላይ 2 አምፔር ያሳልፋል። ትራንስፎርመሩ ከዚያ በታች ቢገድበውም የሚቀረው ልብን ለማቆም ከሚበቃው መጠን ብዙ እጥፍ ነው።

ይህ ትራንስፎርመር ከሌሎቹ ይልቅ የሚያታልልበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ድምፅ አያሰማም። ደረቅ አየር በአንድ ሚሊ ሜትር 3,000 ቮልት ገደማ ይቋቋማል። ስለዚህ 15,000 ቮልት ያለው የኒዮን ትራንስፎርመር ገና ጣት ሲቀርበው ብልጭታ እየረጨ፣ እየተንጫጫ ያስጠነቅቃል። የማይክሮዌቩ 2,000 ቮልት ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይዘልም። እስኪነካ ድረስ ጸጥ ብሎ ይቆያል፤ ሲነካ ግን ማስጠንቀቂያ የሚሰማበት ጊዜ አይኖርም።

«አርሲዲ አለኝ፣ ብሬከርም አለኝ» የሚል ሰው ሁልጊዜ ያጋጥማል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ትልቁ አለመግባባት ያለው እዚህ ነው። አርሲዲ የሚሠራው ወደ ዕቃው የሚሄደውንና ከዕቃው የሚመለሰውን ከረንት በማመዛዘን ነው፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ መስመሩን ይቆርጣል። ከግድግዳ በሚመጣ ሽቦ የተያዘን ሰው የሚያድነውም በሰውየው በኩል ወደ መሬት የሚፈሰው ከረንት በመመለሻው ሽቦ ላይ ስለሚጎድል ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በሰከንደሪው ሁለት ጫፎች መካከል ከገባ፣ በሰውነቱ ያለፈው ከረንት ዞሮ የሚመለሰው ወደዚያው ሰከንደሪ ነው። በፕራይመሪው በኩል የሚገባውና የሚወጣው ከረንት እኩል ሆኖ ይቀጥላል፤ አርሲዲውም ትራንስፎርመሩ ሥራ ላይ እንደሆነ ብቻ ያያል። ሰውየው ብረቱን ሳይነካ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ከብረቱ ጋር ያልተያያዘውን የሰከንደሪ ጫፍ ብቻ ቢነካም ውጤቱ ያው ነው፤ ከረንቱ በመሬት መስመሩ ዞሮ ወደ ብረቱ፣ ከብረቱም ወደ ሰከንደሪው ይመለሳል። ብሬከሩስ? ግማሽ አምፔር በ2,000 ቮልት 1,000 ዋት ያህል ነው፤ ይህም በ220 ቮልቱ በኩል ከ5 አምፔር አይበልጥም። 16 አምፔር ብሬከር ይህን ከአንድ የእንጀራ ምጣድ ያነሰ ጭነት አድርጎ ያሳልፈዋል። በሌላ አነጋገር በቤታችን ውስጥ ሕይወት እንዲያድኑ የተተከሉት መሣሪያዎች ሁሉ ከሰከንደሪው ወዲያ ያለውን ነገር አያዩም።

ይህን ካልሁ በኋላ እንጨት በኤሌክትሪክ እያቃጠሉ የዛፍ ሥር የሚመስል ሥዕል ስለሚያወጡበት ዘዴ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቅርጹ በሳይንስ የታወቀው ከጥንት ነው፤ የጎቲንገኑ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር ጌኦርግ ክሪስቶፍ ሊሽተንበርግ በ1777 እ.ኤ.አ. በሙጫ ሰሌዳ ላይ በተነሰነሰ ዱቄት ተመሳሳይ ቅርጽ አይቶ መዝግቦታል። የዛሬዎቹ ሰዎች ግን ጨው ወይም ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ በራሰ እንጨት ላይ የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመርን ሁለት ጫፎች በእጃቸው ያሳርፋሉ። ውጤቱ ያማረ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በአሜሪካ በቶርኖ እንጨት የሚቀርጹ ባለሙያዎች ማኅበር ይህን ዘዴ በዝግጅቶቹ ላይ እንዳይታይ ከልክሏል፣ በኅትመቶቹም አያስተናግደውም፤ በዚህ መንገድ የሞቱትም ከ30 በላይ መሆናቸው ተመዝግቧል። ከሞቱት መካከል የኤሌክትሪክ ሙያ የነበራቸውም ይገኙበታል። እርጥብ እንጨት፣ እርጥብ እጅ፣ ጸጥ ያለ 2,000 ቮልትና ምንም የማይቆርጥ ብሬከር አንድ ቦታ ሲገናኙ የጓንት ውፍረት የሚለውጠው ነገር ጥቂት ነው። እንዴት እንደሚሠራ ከእኔ አትሰሙም፤ ያማረ እንጨት የሚፈልግ ሰው በካውያ ይሣል።

ከዚህ በኋላ የማወራው ትራንስፎርመሩን አውጥቶ ወደ ዝቅተኛ ቮልቴጅና ከፍተኛ ከረንት ስለመለወጥ ነው።

ምድጃው ሲከፈት መጀመሪያ የሚፈለገው ካፓሲተሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 1 ማይክሮ ፋራድ ገደማ ሲሆን፣ ከሥራ ላይ እንደወጣ እስከ 2,800 ቮልት ሊይዝ ይችላል፤ ይህም ወደ 4 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ነው። በውስጡ 10 ሜጋ ኦም የሚሆን ማፍሰሻ ሬዚስተር ስለሚኖረው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባዶ መሆን ይገባዋል፤ ሬዚስተሩ ተቃጥሎ ከሆነ ግን ለረጅም ሰዓት ይይዛል፣ ይህንንም ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ስፒናው ከሶኬት ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ፣ እጀታው በደንብ በተሸፈነ መሣሪያ የተያዘ ጥቂት ኪሎ ኦም ያለው ወፍራም ሬዚስተር በሁለቱ ጫፎች ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይደረጋል፤ ቀጥሎ በአጭር ሽቦ ይዘጋሉ። በካቻቢቴ በቀጥታ የሚመቱት ሰዎች ብልጭታውን እንደ ማረጋገጫ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን አልወደውም፤ ዕቃውንም ዓይንንም ይጎዳል። ተራ ማልቲሜትር 1,000 ቮልት ድረስ ብቻ ስለሚችል ገና ያልፈሰሰ ካፓሲተርን በእርሱ መለካት ሌላ አደጋ መጨመር ነው። ማግኔትሮኑን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሴራሚክ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፣ ብናኙም ለሳንባ መርዝ ነው፤ ማግኔቶቹን ለማግኘት ብላችሁ ሴራሚኩን አትስበሩት።

ትራንስፎርመሩ ከወጣ በኋላ ፕራይመሪው ከሰከንደሪው ይለያል። ፕራይመሪው ሽቦው ወፍራም ነው፣ ሁለት ጠፍጣፋ መሰኪያዎች አሉት፤ ተቃውሞው ሲለካ ጥቂት ኦም ብቻ ነው። ከብረቱ ጋር ምንም ግንኙነት ሊኖረው አይገባም፤ ካለ ያ ትራንስፎርመር ለቆራሌው ይሰጥ። በነገራችን ላይ ሽቦው ቀይ ስለመሰለ ብቻ መዳብ ነው ማለት አይደለም፤ በብዙዎቹ ውስጥ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም አለ። ምናለሽ ተራ ያሉ ነጋዴዎች በምላጭ ፋቅ አድርገው ወዲያው ይለዩታል።

ሰከንደሪውን ለማውጣት ከብረቱ ውጭ ያበጠውን ጥቅል በሁለቱም በኩል በብረት መጋዝ ከብረቱ እኩል አድርጎ መቁረጥ፣ በውስጡ የቀረውንም በእንጨት ወይም በደነዘዘ ዘንግ ቀስ እያሉ እየመቱ ማስወጣት ነው። በግራይንደር ብየዳውን ፈልጦ ብረቱን የሚከፍቱም አሉ፤ ሥራው ፈጣን ቢሆንም መልሶ ሲገጠም ትንሽ ክፍተት እንኳ ከቀረ ጩኸቱና የሚስበው ከረንት ይጨምራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን መንገድ እመርጣለሁ። በማንኛውም ሁኔታ የፕራይመሪውን ቫርኒሽ መጫር አይፈቀድም። መጋዙ በሚሠራበት ጊዜ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ወፍራም ካርቶን ወይም ስስ ሰሌዳ መሸጎጥ ብዙ ጸጸት ያስቀራል። ሸንቶቹም ይወጣሉ፤ ከእንግዲህ የምንፈልገው የማይገደብ ከረንት ነውና።

ብረቱ ባዶ ሲሆን የመጀመሪያው ልኬት ይደረጋል። አሥር ዙር የተሸፈነ ሽቦ በመካከለኛው እግር ላይ ይጠመጠማል፤ ፕራይመሪው 100 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ ገብቶለት ይሰካል። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ከበራ ትራንስፎርመሩ ጤነኛ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቦግ ካለ ጥቅሉ ውስጥ የተገናኘ ዙር አለ ማለት ነው። ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ወጥቶ በፊውዝ በኩል ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሰካና በአሥሩ ዙር ላይ ያለው ቮልት ተለክቶ ለአሥር ይካፈላል። በብዙዎቹ ትራንስፎርመሮች በዙር 1 ቮልት አካባቢ ይገኛል። ለምሳሌ የመካከለኛው እግር ስፋት 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ50 ኸርዝ በዙር 1 ቮልት ማለት 1.8 ቴስላ ያህል የመግነጢስ ጥግግት ነው፤ የትራንስፎርመር ብረት ደግሞ 2 ቴስላ አካባቢ ይጠግባል። ከላይ ብረቱ እስከ ጫፉ ይሠራል ያልሁት ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ከአሜሪካ ዘመድ የላከልን የ120 ቮልት ምድጃ ያለን ሰዎች መጠንቀቅ አለብን። ያ ትራንስፎርመር የተሠራው ለ60 ኸርዝ ነው። በ220 ቮልት በቀጥታ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብልህ የሚመስለው መፍትሔ ሁለት ተመሳሳይ ፕራይመሪዎችን በተከታታይ አገናኝቶ ለእያንዳንዱ 110 ቮልት ማድረስ ነው። ነገር ግን ድግግሞሹ ከ60 ወደ 50 ሲወርድ ለዚያው ቮልት የሚያስፈልገው የመግነጢስ ፍሰት በ20 በመቶ ያድጋል፤ ቮልቱ ከ120 ወደ 110 መውረዱ የሚመልሰው 8 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ሲደማመር ብረቱ ከታሰበለት 10 በመቶ በላይ ይሠራል፤ ቀድሞውኑ ጥጋቡ ጫፍ ላይ ላለ ብረት ይህ ብዙ ነው። ለአንድ ሰከንድ ለሚቆይ ብየዳ ይቻላል፤ ለባትሪ መሙያ ወይም ለረጅም ሥራ ግን አይሆንም።

አዲሱ ሰከንደሪ ምን ይሁን? ብዙ ምርጫ አለ፤ አሥራ አምስት ያህል ዙር ጠምጥሞ ኤሲን ወደ ዲሲ በሚቀይር ሬክቲፋየር በኩል የመኪና ባትሪ መሙያ መሥራት ይቻላል፤ ከሌላ ተመሳሳይ ትራንስፎርመር የወጣ ፕራይመሪ በባዶው ቦታ አስገብቶ ለጥገና ጠረጴዛ የሚሆን መለያ ትራንስፎርመር፣ ማለትም ቮልቱን ሳይለውጥ ዕቃውን ከግድግዳው መስመር የሚለይ፣ የሚሠሩም አሉ፤ ከብረቱ አንዱን ጎን አንሥቶ ፕራይመሪውን በዲሲ በማብላት ብረት የሚያነሣ ኤሌክትሮማግኔት ይወጣዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በእኔ ግምት ሁለት ዙር ብቻ ያለው የነጥብ ብየዳ ማሽን፣ ማለትም የተደራረቡ ላሜራዎችን በሁለት ጫፎች ጨብጦ በከረንት ሙቀት አንድ ነጥብ ላይ የሚያጣብቅ፣ ነው። የዚህን ብረት ጠባይ፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ ብዙ መስጠትን፣ ሙሉ በሙሉ የሚጠቀምበት እርሱ ነውና።

ለዚህ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የብየዳ ኬብል ሁለት ጊዜ በክፍት ቦታው ይዞራል። የሚወጣው 2 ቮልት ነው። ከኬብሉ፣ ከመቆንጠጫዎቹና ከሚበየደው ላሜራ የሚመጣው ጠቅላላ ተቃውሞ 2 ሚሊ ኦም ቢሆን 1,000 አምፔር ይፈሳል። በፕራይመሪው በኩል ይህ 9 አምፔር ያህል ስለሆነ የቤቱ መስመር ይችለዋል። 50 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ በአንድ ሜትር አንድ ሦስተኛ ሚሊ ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ ለመመቻቸት ተብሎ ኬብሉ በሁለት ሜትር ቢረዝም ከረንቱ ወደ 750 አምፔር ይወርዳል፤ ሙቀቱም ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። «ማሽኔ አይበይድም» ከሚሉት ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ረጅም ኬብልና የላላ ቡሎን ነው። የብየዳው ጫፎች ከመዳብ ይሁኑ፤ የኬብሉ ማያያዣ በቆርቆሮ እርሳስ ሳይሆን በኃይል ተጨምቆ ይታሰር፤ እርሳሱ በሥራ ላይ ይቀልጣልና።

2 ቮልት ሰው አይገድልም። ነገር ግን ማሽኑ አሁንም ከ220 ቮልት ጋር የተገናኘ ስለሆነ ያ ጎን እንደማንኛውም የቤት ዕቃ ክብር ይፈልጋል፤ ብረቱ ከመሬት መስመር ጋር ይያያዝ፣ ፊውዝ ይኑረው፣ ፕራይመሪውም በአዲሱ ኬብል እንዳይታሸ በመካከላቸው የፋይበር ቴፕ ወይም ወፍራም የመከላከያ ወረቀት ይግባ። አርሲዲ ዋጋ የሚኖረው አሁን ነው፤ ፕራይመሪው ወደ ብረቱ ቢፈስ ወዲያው ይቆርጣል። ሜገር፣ ማለትም የሽፋንን ተቃውሞ በከፍተኛ ቮልት የሚለካ መሣሪያ፣ ያለው ሰው በፕራይመሪውና በብረቱ መካከል በ500 ቮልት ይለካ። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቁ፤ 1,000 አምፔር በቀለበት በኩል መንገድ ካገኘ ቀለበቱ በጣት ላይ እያለ ይግላል። የልብ መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ደግሞ በአጠገቡ አይቁም።

ለቀጭን ላሜራ ጊዜውን በእግር መርገጫ ማብሪያ መቆጣጠር ይበቃል፤ ግማሽ ወይም አንድ ሰከንድ ተረግጦ ይለቀቃል። ማብሪያው መቀመጥ ያለበት በፕራይመሪው በኩል ነው፤ ጫፎቹ ላሜራውን ጨብጠው ከያዙ በኋላ ይረገጣል፣ ከመላቀቃቸውም በፊት ይለቀቃል፤ አለዚያ ጫፎቹ ይበላሉ። ለባትሪ ግን ይህ ፈጽሞ አይሆንም። ዛሬ በየጥገናው ቤት የሶላር መብራትና የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪዎች እየተፈቱ በአዲስ ሴል ይታሰራሉ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች በኋላ ደግሞ የባትሪ ጥገና ሙያ ገበያው እየሰፋ መሄዱ አይቀርም። የሊቲየም ሴልን በካውያ ማሰር ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ሴሉን ይጎዳዋል፤ የነጥብ ብየዳ የሚመረጠው ሙቀቱ ሴሎቹን ከሚያገናኘው ስስ የኒኬል ጥብጣብ ወደ ታች ሳይወርድ ስለሚያልቅ ነው። 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ንጹሕ ኒኬል የሚበቃው ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በ50 ኸርዝ ይህ ከአንድ ግማሽ ዑደት እስከ አንድ ሙሉ ዑደት ማለት ነው። ይህን ያህል አጭር ጊዜ የሰው እግር ስለማይለካው አንድ ትሪያክ፣ ማለትም ኤሲን የሚያበራና የሚያጠፋ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ፣ እና እርሱን የሚያዝ ትንሽ ማይክሮ ኮንትሮለር፣ ለምሳሌ አርዱዊኖ፣ ያስፈልጋል።

በዚህ ዑደት ቆጠራ ውስጥ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ለአምፖልና ለምድጃ ትሪያክ የሚከፈተው ቮልቱ ዜሮ በሚሆንበት ቅጽበት ነው፤ እዚያ ጥሩ ነው። ትራንስፎርመር ግን ከዜሮ ሲጀመር በመጀመሪያው ግማሽ ዑደት የመግነጢስ ፍሰቱ እስከ ሁለት እጥፍ ይሄዳል፤ ብረቱ ይጠግባል፣ ፊውዝ ይበጠሳል፣ የቤቱ መብራት ይርገበገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው መክፈቻ ቮልቱ ጫፍ ላይ ወደሚደርስበት ቅጽበት፣ ማለትም ከዜሮው 5 ሚሊ ሰከንድ በኋላ፣ ይዛወራል። አጭር የሙከራ ምት ቀድሞ ልኮ ኒኬሉን ማስቀመጥ፣ ከጥቂት ሚሊ ሰከንድ በኋላ ዋናውን መላክ ደግሞ ብየዳው ከነጥብ ነጥብ እንዳይለያይ ያደርጋል።

በመንደር ምሰሶ ላይ ስለሚሰቀሉት ትላልቅ ትራንስፎርመሮች ስለምትጠየቁ በአጭሩ ላንሣው። 15,000 ወይም 33,000 ቮልት ወደ ቤት መስመር የሚያወርዱት እነዚያ የሕዝብ ንብረት ከመሆናቸውም በላይ ለትርፍ ጊዜ ሥራ የሚሆን ምንም ነገር የላቸውም። ከአገልግሎት የወጡትም ቢሆኑ በአሮጌዎቹ ዘይት ውስጥ ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል ሊኖር ይችላል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት የሚያስወግደው፣ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ መርዝ ነው። በጎረቤታችን ኬንያ ከትራንስፎርመር የተሰረቀ ዘይት ለምግብ መጥበሻ ሲሸጥ መቆየቱ በሰፊው ተዘግቧል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣ በጣም አሮጌ ማይክሮዌቭ ካጋጠማችሁም ካፓሲተሩን ሳትከፍቱ ለይታችሁ አስቀምጡት።

ወደ ባትሪው ልመለስና የብየዳውን ጥንካሬ ስለመፈተን ልናገር፤ የሠራችሁት ማሽን ትክክል መሆኑን የምታውቁት በዚህ ብቻ ነው። ሙከራው በጥሩ ሴል ላይ አይጀመርም፤ ቮልቱ ዝቅ ባለ፣ ሊጣል በተዘጋጀ ሴል ላይ፣ ከሚቃጠል ነገር ርቆ፣ የዓይን መነጽር ተደርጎ ይሠራል። ጫፎቹ ተጭነው ምቱ ከተላከ በኋላ ኒኬሉ በፒንሳ ተይዞ ወደ ላይ ይጎተታል። ኒኬሉ ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ጊዜው በ2 ሚሊ ሰከንድ እየጨመረ ይሞከራል። በሴሉ ላይ የኒኬል ቅሪት ሰፍቶበት፣ ኒኬሉ ደግሞ በነጥቡ ልክ ተቀዶ ከመጣ ብየዳው ይዟል። ነጥቡ ከጠቆረ ወይም በቆርቆሮው ላይ ጉድጓድ ከታየ ጊዜው ከልክ አልፏል፤ ያ ሴል ከተቀዳደደ ፈሳሹ ስለሚወጣና ሊቃጠል ስለሚችል ወደ ውጭ ወጥቶ በአሸዋ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጊዜው ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ጫፎቹ በብርጭቆ ወረቀት ታሽተው፣ በሌላ ሴል ላይ እንደገና ይጀመራል።